የወንበዴው ዜማ እና የበጉ መዝሙር



የመዝሙር መጽሐፍ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማነበው ግጥሙን አይደለም። ዓይኔ የሚሄደው በገጹ ጥግ በትንንሽ ፊደላት ወደ ተጻፈው መስመር ነው። ግጥሙን ማን ጻፈው? ዜማውን ማን ደረሰው? በየትኛው ዓመት? በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለሁ የያዘኝ ልማድ ነው፤ ብዙም ጠቅሞኛል። ዓይነ ስውሯ ፋኒ ክሮስቢ የጻፈቻቸውን መዝሙሮች ወይም የባሪያ መርከብ አዛዥ የነበረው ጆን ኒውተን ስለ ጸጋ የጻፈውን ስንዘምር፣ የደራሲው ሕይወት ራሱ ለመዝሙሩ ምስክር ሆኖ ይቆማል።

አንድ መዝሙር ግን በዚህ ልማዴ ባዶ እጄን ይመልሰኛል። በእንግሊዝኛ «ዋት ዋንድረስ ላቭ ኢዝ ዚስ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «ይህ ምን ዓይነት ድንቅ ፍቅር ነው» ልንለው እንችላለን። የደራሲው ስም መሆን በሚገባው ስፍራ የተጻፈው «የአሜሪካ ሕዝብ መዝሙር» የሚል ብቻ ነው። ባለቤት የለውም። ይህን የመሰለ ጥልቅ መዝሙር የጻፈው ሰው ስሙን ሳይተው አልፏል።

መዝሙሩ አጭር ነው። ዘማሪው ንግግሩን የሚጀምረው ከገዛ ነፍሱ ጋር ነው። ዳዊት በመዝሙር 103 ነፍሱን ጠርቶ እግዚአብሔርን ባርኪ እንደሚላት፣ ይህም ዘማሪ ነፍሱን ጠርቶ እየተደነቀ ይጠይቃታል። የክብር ጌታ ስለ እርስዋ እርግማንን ይሸከም ዘንድ ያስገደደው ይህ ፍቅር ምን ዓይነት ነው? ቀጥሎ ከእግዚአብሔር የጽድቅ ቍጣ በታች እየሰጠመ ሳለ ክርስቶስ አክሊሉን እንዳኖረለት ይናገራል። ከዚያ ለእግዚአብሔርና ለበጉ እንደሚዘምር፣ አእላፋትም እንደሚቀበሉት ይናገራል። በመጨረሻም ከሞት ነጻ ሲወጣ ዝማሬውን እንደሚቀጥል፣ ለዘላለምም እንደማያቋርጥ ይናገራል። ከውርደት እስከ ክብር ያለው ወንጌል በሙሉ በእነዚህ ጥቂት ስንኞች ውስጥ አለ።

ስለዚህ መዝሙር ልጽፍላችሁ ያነሣሣኝ በአብያተ ክርስቲያናችን ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ ነው። ዜማን ለጌታ የተለየ የሚያደርገው የመጣበት ቦታ ነው ወይስ የሚሄድበት? ይህ ጥያቄ የስንት ወጣቶችን ልብ እንዳቆሰለ፣ የስንት ጉባኤዎችንም ሰላም እንዳወከ እንደ መጋቢ በዓይኔ አይቻለሁ። የዚህ መዝሙር ታሪክ መልስ አለው ብዬ አምናለሁ።

በሜዳ ላይ የተወለደ መዝሙር

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1801 በአሜሪካ ኬንታኪ፣ ኬን ሪጅ በምትባል የገጠር ስፍራ፣ ለጌታ እራት የተጠራ አንድ ጉባኤ ተካሄደ። ሕዝቡ በሠረገላና በእግር እየተመመ መጣ። ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንደ ተሰበሰበ ይገመታል፤ በዚያ ዘመን በዚያ ጠረፍ ይህ እጅግ ብዙ ሕዝብ ነበር። የፕሬስቢቴሪያን፣ የሜቶዲስትና የባፕቲስት ሰባኪዎች ጎን ለጎን ሰበኩ። ሰዎች በድንኳንና በሠረገላ እያደሩ ቀናትን በቃልና በጸሎት አሳለፉ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያሉ የሜዳ ጉባኤዎች በደቡብና በምዕራብ ጠረፍ ሁሉ ተስፋፉ። የታሪክ ጸሐፊዎች «ሁለተኛው ታላቅ መነቃቃት» የሚሉት ዘመን ይህ ነው።

በእነዚያ ጉባኤዎች የመዝሙር መጽሐፍ የያዘው ጥቂቱ ነው። ማንበብ የማይችለውም ብዙ ነበር። ስለዚህ የሚዘመረው መዝሙር ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚቀበለው መሆን ነበረበት። ሐረጉ ይደጋገማል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ትናንት የመጣው ገበሬም አብሮ ይዘምራል። የዚህ መዝሙር ግጥም እንዲህ ነው የተሠራው። አንዱ ሐረግ ደጋግሞ ይመጣል፤ ነፍስም ደጋግማ ትጠራለች። መደጋገሙ የቃል ድህነት እንዳይመስላችሁ። የታተመ ወረቀት ለሌለው ወንድም የተዘረጋ እጅ ነው።

ግጥሙ በመጽሐፍ ታትሞ የምናገኘው እ.ኤ.አ. በ1811 አካባቢ ነው። ስቲዝ ሚድ የተባለ የሜቶዲስት ሰባኪ ለሜዳ ጉባኤዎች የሚሆኑ መዝሙሮችን ሰብስቦ በቨርጂኒያ ሊንችበርግ ከተማ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። ዜማ አልተጻፈለትም፤ የደራሲ ስምም የለውም።

ይህን ሳነብ የእኛው ዘመን ትዝ ይለኛል። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው በየቤቱ ስንሰበሰብ የመዝሙር ደብተር ነበረን። አንዱ ከሌላው ደብተር ይገለብጣል፤ ሌላው ከዚያ ይገለብጣል። ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። «ይህን መዝሙር ማን ደረሰው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። መዝሙሩ እስር ቤት ላለው ወንድም ብርታት፣ ልጇን ላጣች እናት መጽናኛ ነበር፤ የደራሲውን ስም እግዚአብሔር ያውቀዋል። የሕዝብ መዝሙር ማለት ይኸው ነው። ብዙ አፍ ያለፈበት፣ ብዙ እንባ ያጠበው መዝሙር ነው።

የተሰቀለው ሰው ዜማ

አሁን ወደ ዜማው እንምጣ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ዊልያም ኪድ የተባለ ስኮትላንዳዊ የመርከብ አዛዥ ነበር። የባሕር ወንበዴዎችን አሳድዶ እንዲይዝ ከእንግሊዝ መንግሥት ሥልጣን ተሰጥቶት ወጣ፤ መጨረሻ ላይ ግን እርሱ ራሱ በባሕር ወንበዴነትና ከመርከበኞቹ አንዱን በመግደል ተከሰሰ። እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1701 ለንደን ውስጥ በቴምዝ ወንዝ ዳር ተሰቀለ። መጀመሪያ የተሰቀለበት ገመድ ተበጠሰ፤ አንሥተው ደግመው ሰቀሉት። ከዚያም መርከበኞች ሁሉ እንዲያዩትና እንዲፈሩ ሬሳው በብረት ታስሮ ከወንዙ ዳር ተንጠለጠለ።

በዚያው ዓመት ስለ እርሱ የተገጠመ ዘፈን በወረቀት ታትሞ በለንደን መንገዶች ይሸጥ ጀመር። ዘፈኑ ሟቹ በራሱ አንደበት ኃጢአቱን እየዘረዘረ የሚናገርበት ነው፤ አባቱ የሰጠውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ባሕር ሲወጣ አሸዋ ውስጥ እንደ ቀበረው ሳይቀር ይናገራል። ይህ ዘፈን ውቅያኖሱን ተሻግሮ በአሜሪካ ለረጅም ዘመን ተዘፈነ። የእኛ መዝሙር ስንኝ አወራረድ ከዚህ ዘፈን ጋር አንድ ነው። በዘፈኑ ውስጥ የኪድ የባሕር ጉዞ እየተደጋገመ በሚጠራበት ስፍራ፣ በመዝሙሩ ውስጥ ነፍስ ትጠራለች። እንደ ጆርጅ ፑለን ጃክሰን ያሉ የሕዝብ መዝሙር አጥኚዎች ዜማውንም ከዚሁ ቤተሰብ ይቆጥሩታል።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ስታነቡ ፊታችሁ እንደሚጨማደድ ይገባኛል። በእኛ ዘንድ መዝሙር መዝሙር ነው፤ ዘፈን ዘፈን ነው። ከዓለም የወጣን ሰዎች ይህን ድንበር የጠበቅነው በምክንያት ነው። ታዲያ የነፍሰ ገዳይ ወንበዴ ዘፈን እንዴት የጌታን ፍቅር ይሸከማል?

እስቲ ቀስ ብለን እናስበው። እንግሊዝኛ በገመድ ለተሰቀለ ሰው አንድ ቃል፣ በመስቀል ላይ ለተሰቀለው ሌላ ቃል አለው። በአማርኛችን ግን ሁለቱም «ተሰቀለ» ነው። በቋንቋችን ኪድም ተሰቅሏል፤ ጌታችንም ተሰቅሏል። ወንጌሉም ከጌታ ግራና ቀኝ የተሰቀሉትን «ወንበዴዎች» ይላቸዋል። ጳውሎስ በገላትያ 3፥13 ክርስቶስ ስለ እኛ እርግማን ሆኖ ከሕግ እርግማን እንደ ዋጀን ሲናገር የሚጠቅሰው በዘዳግም 21 ያለውን፣ በእንጨት ላይ የሚሰቀል ሁሉ የተረገመ ነው የሚለውን ሕግ ነው። የመዝሙራችን የመጀመሪያ ስንኝ ስለዚያው እርግማን ይናገራል። ታስቦበትም ይሁን ሳይታሰብ፣ የተረገመው ሰው ዜማ የሚስማማውን ቃል አገኘ። የእኛን እርግማን ስለ ተሸከመው ጌታ የሚናገር ቃል ነው።

ጌታ ንጹሕ ሰውነት ፈልጎ አልመጣም። በኃጢአተኞች መካከል ተቆጠረ፤ በወንበዴዎች መካከል ተሰቀለ፤ ከእነርሱም አንዱን በዚያው ቀን ገነት ይዞት ገባ። ወንበዴውን ያልናቀ ጌታ ዜማውን ይንቃልን?

የመሰንቆው ነገር

ይህን ጥያቄ ወረቀት ላይ ማንሣት ቀላል ነው። ከዓመታት በፊት ግን በማገለግልበት ጉባኤ በሥጋና በደም ወደ ቢሮዬ መጣ።

በአዝማሪ ቤት ሌሊቱን መሰንቆ እየመታ ያደገ አንድ ወጣት ጌታን ተቀበለ። ተማረ፤ ተጠመቀ፤ የኳየሩም አባል ሆነ። ድምፁ ግሩም ነበር። አንድ ቀን መጥቶ ተቀመጠና እጆቹን እያየ እንዲህ አለኝ፦ «ፓስተር፣ ጌታ እኔን እንደ ተቀበለኝ አስተምረውኛል፤ አምኜዋለሁ። ጣቶቼንስ?»

ጥያቄው ከብዙ የነገረ መለኮት መጻሕፍት ይልቅ ነካኝ። መሰንቆውን ይዞ እንዳይገባ የተናገሩት ሰዎች ነበሩ። የኪድንና የመዝሙሩን ታሪክ ነገርሁት። በዘፍጥረት 4፥21 የዜማ መሣሪያ የሚይዙ ሁሉ አባት የተባለው ዩባል ከቃየል ዘር እንደ ሆነም አሳየሁት። ከነፍሰ ገዳዩ ቤት የወጣውን ጥበብ ዳዊት በእግዚአብሔር ፊት ተጠቀመበት። መዝሙር 150ን ስንገልጥ ደግሞ የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ መሰንቆን በስሙ ጠርቶት አገኘን። ወጣቱ እያነበበ አለቀሰ።

ግን ነገሩ በዚህ አላለቀም። በጉባኤያችን አንዲት አረጋዊት እናት ነበሩ፤ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው። መሰንቆ በአምልኮ ይገባል የሚለውን ወሬ ሲሰሙ ወደ እኔ መጡ። ባላቸው የቤቱን እህልና የልጆቹን ደብተር ገንዘብ አዝማሪ ቤት ነበር የሚጨርሰው። «ፓስተር፣ እኔ የማይገባኝ ሆኖ አይደለም» አሉኝ። «ያ ነገር ሲመታ የምሰማው ዜማውን አይደለም፤ የባሌን ሳቅ ነው።»

እንግዲህ ምን ይደረጋል? በአንድ በኩል ጣቶቹ የተዋጁ ወጣት አለ። በሌላ በኩል ቁስላቸው ያልሻረ እናት አሉ። ጳውሎስ በሮሜ 14 ሁለቱንም ነገር ይነግረናል፤ በራሱ ርኩስ የሆነ ነገር የለም፣ ነገር ግን ክርስቶስ የሞተለትን ወንድምህን በነፃነትህ አታጥፋው። ሽማግሌዎቹ ጸልየው ወሰኑ። ወጣቱ ለጊዜው በድምፁ ብቻ እንዲያገለግል፣ እኛም ጉባኤውን ስለ አምልኮ ከቃሉ እንድናስተምር ተስማማን። የሚደንቀው ወጣቱ አላጉረመረመም። «እማማ እስኪድኑ ድረስ መሰንቆዬ ግድግዳ ላይ ይቆያል» አለ።

ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ። በአንድ የጉባኤ ቀን መዝሙር 150 ተነብቦ መሰንቆው ገባ። እኔ የማየው እማማን ነበር። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ተቀመጡ። ተነሥተው አልወጡም። ምን እንዳሰቡ አልጠየቅኋቸውም። ለእኔ ተነሥተው አለመውጣታቸው በቂ ነበር።

ስለዚህ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ሁለት ጎን አለው። ዜማ በመጣበት ቦታ አይረክስም፤ ጌታ የሚዋጀው ከዚያው ከመጣበት ቦታ ነውና። ቢሆንም ቤዛነት ጊዜ ይወስዳል። የወንበዴው ዘፈን መዝሙር ሆኖ በመጽሐፍ እስኪታተም ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በፍቅር መጠበቅም የአምልኮ አካል ነው።

ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚዘምሩ ሰዎች

ወደ መዝሙሩ ታሪክ እንመለስ። በደቡብ ካሮላይና ስፓርተንበርግ ከተማ ዊልያም ዎከር የተባለ የባፕቲስት ምእመንና የመዝሙር መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1835 «ሳውዘርን ሃርመኒ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1840 ባወጣው እትም ውስጥ ይህ ግጥም ከዜማው ጋር ተጣምሮ ወጣ። ከገጹ ላይ «ክሪስቶፈር» የሚል አንድ ስም ብቻ አለ። ዎከር በኋላ ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ዜማውን ያቀናበረው የስፓርተንበርጉ ጄምስ ክሪስቶፈር እንደ ሆነ ገልጿል፤ ዜማው ራሱ ግን ከእርሱ በፊት በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ነበር። ክሪስቶፈር አዲስ አልፈጠረም፤ ሰዎች የሚዘምሩትን ሰምቶ ለሦስት ድምፅ አስቀመጠው።

የአጻጻፉ ዘዴም ያስደንቃል። ኖታዎቹ በቅርጻቸው ይለያያሉ፤ ፋ ሦስት ማዕዘን፣ ሶል ክብ፣ ላ አራት ማዕዘን፣ ሚ እንደ አልማዝ ቅርጽ ነው። ኖታ ተምሮ የማያውቅ ገበሬ ቅርጹን አይቶ ድምፁን ያውቃል። ተዘዋዋሪ መምህራን ከመንደር መንደር እየሄዱ አጫጭር የመዝሙር ትምህርት ቤቶችን ይከፍቱ ነበር። እኛ ቅዱስ ያሬድንና ከዜማው ፊደላት በላይ የሚጻፉትን የዜማ ምልክቶች በሚያውቅ አገር ያደግን ሰዎች፣ ሕዝብ ዜማውን እንዳይጠፋበት ምልክት ሲያበጅለት ማየት እንግዳ አይሆንብንም።

ዘማሪዎቹ ሲሰበሰቡ በአራት ማዕዘን ተሰልፈው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሶፕራኖው፣ አልቶው፣ ቴነሩና ባሱ በየጎናቸው ናቸው፤ መሪው መካከል ላይ ይቆማል፤ ተራ በተራም ይመራሉ። መጀመሪያ የኖታዎቹን ስም ይዘምራሉ፤ ከዚያ ቃሉን። ዋናው ዜማ ያለው በቴነሩ ነው፤ እርሱንም ወንድም ሴትም አብረው ይዘምሩታል። የሙዚቃ መሣሪያ የለም። የሚያዳምጥ ታዳሚም የለም፤ የመጣው ሁሉ ዘማሪ ነው። ይህ ልማድ ዛሬም አልጠፋም፤ በኬንታኪ ቤንተን ከተማ ከ1884 ጀምሮ በየዓመቱ ከዎከር መጽሐፍ የሚዘምሩ ሰዎች ይሰበሰባሉ።

ይህን የድምፅ አወቃቀር መጀመሪያ የሰማ ሰው ሻካራ ነው ይላል። በትምህርት ቤት የለመድነው ለስላሳ ሃርመኒ አይደለም፤ በድምፆቹ መካከል ባዶ ቦታ ይሰማል። ብዙዎች ዜማውን ዶሪያን ከተባለው ስልት ይመድቡታል፤ ሐዘንም ደስታም ብቻ አይደለም። በዎከር መጽሐፍ ውስጥ ሌላም ታዋቂ ዜማ አለ፤ የኒውተን የጸጋ መዝሙር እስከ ዛሬ የሚዘመርበት። እርሱ አምስት ድምፆች ብቻ ያሉት ሲሆን ድምፆቹም ከእኛው ሜጀር ትዝታ ጋር አንድ ናቸው። ያ መዝሙር ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ወዲያው የሚለመደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የአፓላቺያ ገበሬና የወሎ እረኛ ሳይተዋወቁ በአንድ መሰላል ላይ ወጥተዋል።

ቆላስይስ 3፥16 እርስ በርሳችን በመዝሙርና በዝማሬ እንድንማማርና እንድንገሣጽ ያዝዘናል። እርስ በርስ! እነዚያ ገበሬዎች ፊት ለፊት ተያይተው ሲዘምሩ ይህን ቃል በአቀማመጣቸው ይፈጽሙት ነበር። የእኛ ጉባኤ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያየ፣ የሚዘምርለት ሰው እየጠበቀ ነውን?

ኳየር እጅ ሲገባ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ይህ የገበሬዎች መዝሙር ወደ ታላላቅ የመዝሙር አዳራሾች ገባ። ሳሙኤል ባርበር እ.ኤ.አ. በ1958 ለኦርጋን የሚሆን ሥራ በዚህ ዜማ ላይ ሠራ። ለኳየር ከተሠሩት ቅንብሮች መካከል በጣም ከሚዘመሩት አንዱ የአሊስ ፓርከርና የሮበርት ሾ ነው። ሾ የመጋቢ ልጅ ነበር፤ በ1948 ያቋቋመው ኳየር በዓለም የታወቀ ነው። ፓርከር ከእርሱ ጋር ለብዙ ዓመታት የሕዝብ ዜማዎችን፣ መዝሙሮችንና የጥቁር አሜሪካውያንን መንፈሳዊ ዝማሬዎች አቀናብራለች። በ2023 እስክታርፍ ድረስ ስታስተምር የኖረችው አንድ ነገር ነው፦ ቅንብር የሚጀምረው ከዜማው ነው፤ አቀናባሪ መጀመሪያ ዜማው ምን እንደሚል ማዳመጥ አለበት።

ለኳየር መሪዎቻችን ከዚህ የምናገረው አለኝ፤ በፍቅር ተቀበሉኝ።

አንደኛ፣ ቅንብር ጥያቄውን ያሰማ። ይህ መዝሙር በመደነቅ ይጀምራል። በከበሮና በኪቦርድ ድምፅ ከሞላነው መደነቁ ቦታ ያጣል። የድሮዎቹ ቅንብሮች ባዶ ቦታ የተዉት ነፍስ መልስ እንድታስብበት ይመስለኛል። ኤፌሶን 3 ከእውቀት ስለሚያልፈው ፍቅር ይናገራል፤ ከእውቀት የሚያልፍን ነገር በጫጫታ ልናስረዳው አንችልም።

ሁለተኛ፣ ጉባኤው አይረሳ። አራቱን ድምፅ አሳምሩት፤ አንድ ስንኝ ግን በአንድ ድምፅ ይሁንና ሕዝቡ ሁሉ ይግባበት። ሦስተኛው ስንኝ ለበጉ የሚዘምሩ አእላፋትን ይጠራል፤ በራእይ 5 ያለውን ጉባኤ ማለት ነው። የአእላፋትን መዝሙር ለአሥራ ሁለት ሰው ብቻ መተው አይገባም።

ሦስተኛ፣ አቀናባሪው ከበስተኋላ ይሁን። በዘመናችን «መዝሙሩ የእኔ ነው» የሚል ክርክር በዝቷል። ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል፤ የዘማሪውን ሥራ የሚጠብቅ ሕግ መኖሩም ትክክል ነው፤ ያለ ፈቃድ የሌላውን መዝሙር መሸጥ ስርቆት ነው። ሆኖም መዝሙሩን ያልያዘ እጅ ብቻ ሊቀበል የሚችለው በረከት አለ። ክሪስቶፈር በገጹ ላይ የአባቱ ቤት ስም ብቻ ቀረለት፤ የግጥሙ ደራሲ ያንንም አላገኘም። ጌታ ግን በእርሱ ቃል ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሲመለክ ኖሯል።

ማብቂያ የሌለው መዝሙር

መጋቢ በመሆኔ በብዙ መቃብር ዳር ቆሜያለሁ። አፈር ሲጣል የሚሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ኳየሩ የጀመረው መዝሙር በልቅሶ ሲቆራረጥ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው ሲቀበል ሰምቻለሁ። የዚህ መዝሙር መጨረሻ ለዚያ ሰዓት የተጻፈ ይመስላል። የመጨረሻውን ስንኝ የሚዘምረው ሰው ሞት መዝሙሩን ያቋርጥብኛል ብሎ አይፈራም፤ ከሞት ማዶ እንደሚቀጥለው ያውቃል። የኪድ ዘፈን በገመድ ላይ ያበቃል። ያው ዜማ በክርስቶስ ቃል ሲሞላ ግን ማብቂያ አጣ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ምናልባት ጌታን ገና ያልተቀበልህ፣ «የእኔ ታሪክ ለእግዚአብሔር ቤት አይሆንም» የምትል ልትሆን ትችላለህ። ወይም ብዙ ቆሻሻ ቃል የተናገረው አፍሽ፣ ብዙ ጥፋት ያየው እጅሽ ያሳፍርሽ ይሆናል። የወንበዴውን ዜማ ወስዶ ለልጁ መዝሙር ያደረገ አምላክ የአንተንም፣ የአንቺንም ሕይወት ሊወስድ ይችላል። እርግማኑን የተሸከመው ጌታ ዋጋውን ከፍሏል። ዛሬ ነፍስህን ጥራትና ጠይቃት፤ ይህ ፍቅር ምን ዓይነት ነው?

አባት ሆይ፣ ስለ እኛ የተሰቀለውን ልጅህን ስላየንበት ፍቅር እናመሰግንሃለን። አፋችንን፣ ጣቶቻችንን፣ ዜማችንን ዋጅ። የቆሰሉትን ፈውስ፤ የምንቸኩለውንም መታገሥን አስተምረን። በበጉ ፊት ከሚዘምሩት አእላፋት ጋር ቁጠረን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።